ቮልስ ሞዲፋይ ሲደረግ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ግቢ ውስጥ ተፈትቶ ዓመታት ያስቆጠረ ቮልስ ሲታይ ሰው ሁሉ «ገንዘብ አልቆበት ነው» ይላል። ገንዘቡ የሚያልቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራው ተገልብጦ ስለተጀመረ ነው፦ ቀለም ተቀብቶ ብየዳ፣ ቸርኬ ተገዝቶ ልኬት። ሱሉልታም ሆነ ቡራዩ ወይም ገላን ለምትሠሩ፣ ከታች ያሉት ሁሉ መኪናው ከመፈታቱ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገባ ናቸው።

ወለሉ ተበይዶ ሲያልቅ በሩ አልዘጋ አለ

መንስኤ፦ የቮልስ ቦዲ ጥንካሬ ያለው በበሮቹ ሥር በሚያልፈው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ በሚያመጣው ባዶ ሳጥን ላይ ነው። ዝገት በልቶት ሲቆረጥ ቦዲው መሀሉ ላይ ይረግባል፤ የበሩ ክፍተት ከላይ ይጠብና ከታች ይሰፋል።

መፍትሄ፦ ከመቁረጣችሁ በፊት የበሮቹን ክፍተት ለክታችሁ ጻፉ። ከዚያ ባለ 25 ሚሊሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) በየበሩ ክፍት ውስጥ አንድ አግድም፣ አንድ ሰያፍ በይዱ፤ ግራና ቀኙንም በአንድ አያይዙ። ሁለቱን ጎን አንድ ላይ አትቁረጡ። አዲሱን ላሜራ በነጥብ ብቻ ይዛችሁ፣ ቦዲውን ከወለሉ ጋር በቡሎን አስራችሁ፣ በሩን ገጥማችሁ ክፈቱ ዝጉ። ከተስማማ በኋላ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር እየዘለላችሁ በይዱ፤ በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ስስ ላሜራ በሙቀት ይጣመማል። አንዴ ከረገበ ማጠፊያውን መቀጥቀጥ አያድንም፤ ብየዳውን ቆርጦ በክሪክ አንስቶ እንደገና መያዝ ነው።

ወለል ስትቀይሩ መሀል ያለውን ቶነል (ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፈውን ጉብታ) አትንኩ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር እዚያው ላይ ተመትቷል። ቁጥሩ ከተቆረጠ ከሊብሬው ጋር የሚመሳከር ነገር አይኖርም፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ሊብሬ ያለው አሮጌ ቮልስ በቀላሉ አይተካም።

ቀለሙ በጥቂት ወራት አረፋ ሠራ

መንስኤ፦ ተራ ፕራይመር ውሃ ይመጥጣል። ሰኔ ላይ ፕራይመር ተቀብቶ መስከረምን የጠበቀ ቦዲ ከሥሩ ዝጓል። ዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮም (ጎድጓዳ መሙያ) እንዲሁ።

መፍትሄ፦ እስከ ብረቱ ፍቃችሁ በኢፖክሲ ፕራይመር ጀምሩ። የቦዲና የቀለም ሥራን ከጥቅምት እስከ ግንቦት አድርጉት፤ ጠዋት ጤዛው ደርቆ ላሜራው ሳይሞቅ አትርጩ። ስቱኮ ከ3 ሚሊሜትር ከወፈረ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ ላሜራውን አቅኑ።

ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ጉልበት ማጣት

መንስኤ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ደግሞ ትበልጣለች። አየሩ ከባሕር ጠለል አንፃር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም።

መፍትሄ፦ ካርቡሬተር ከመነካቱ በፊት ሞተሩ በቀዘቀዘበት የቫልቮላ ክፍተት 0.15፣ የፑንቲና (የዲስትሪቢዩተሩ መገናኛ) 0.4፣ የካንዴላ 0.7 ሚሊሜትር ይሁን (ለ1200 እስከ 1600 ሞተሮች)። ከዚያ ዋናውን የቤንዚን ጄት (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ቀዳዳ) አንድ ደረጃ ብቻ ቀንሱ፤ 125 ከሆነ ወደ 120። ዳገት ወጥታችሁ ካንዴላውን ፍቱ፦ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ገና ነው፣ የቡና ቀለም ከሆነ በቃ፣ ነጭ ከሆነ አልፋችኋል፤ መልሱት። ነጭ ይዞ መንዳት ፒስተን ያቃጥላል። ትልቅ ካርቡሬተር መጫን ይህን ችግር አይፈታም።

ዳገት ላይ ይግላል

ለማሳመር ተብሎ የሞተሩ ዙሪያ ላሜራ ወይም የጠርዙ ጎማ ሲነሳ፣ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ በፋኑ ይሳባል። ሁሉንም መልሳችሁ ግጠሙ። ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫን 1.5 ሳንቲሜትር ያህል ይግባ፤ ዘይቱ 2.5 ሊትር ነው።

የተገዛው ቸርኬ አልገጥም አለ

የድሮዎቹ አምስት ቀዳዳ በ205 ሚሊሜትር ክብ ላይ ናቸው፤ ከእ.ኤ.አ. 1968 ሞዴል ወዲህ በአብዛኛው አራት ቀዳዳ በ130። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት አራቱንም እግር እዩ፤ የፊቱ ተቀይሮ የኋላው የድሮው የሆነ ቮልስ ያጋጥማል።

ሞተር ከተቀየረ በኋላ ለቦሎ ምርመራ ቀርቦ ተመለሰ

የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ቁጥሩ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው፤ በገንዘብ ከመስማማታችሁ በፊት ጠርጋችሁ አንብቡት፣ የሻጩን ሰነድም ተቀበሉ። ተፍቆ ከሆነ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት።