ለአስፓልቱም ለዋልካውም፦ ባሕር ዳር ላይ የሥራና የገጠር ሞተር ሳይክል አመራረጥ

ባሕር ዳር ውስጥ የትኛውም ሞተር ያገለግላል። ከተማው ሜዳ ነው፣ ጎዳናው ሰፊ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ቢኬድም ሩቅ አይደለም። ችግሩ የሚጀምረው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዘጌ ሲታጠፍ፣ በመራዊ በኩል ወደ ቆጋ መስኖ ሲወረድ፣ ወይም ከወረታ መለስ ብሎ የፎገራ ሜዳ ውስጥ ሲገባ ነው። ሰኞ ወደ ሥራ የሚያደርስና ቅዳሜ ጭቃ ውስጥ የማያስቀር አንድ ሞተር ለመምረጥ ከጉልበቱና ከመልኩ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከተገዛ በኋላ ሊቀየር የማይችለው ነገር የቱ ነው?

ጎማ፣ የካቴና ጥርስ፣ መሪ፣ የመቀመጫ ስፖንጅ፣ የካርቡራተር ጄት (የነዳጁን መጠን የምትወስነው ባለ ቀዳዳ ብሎን) በጥቂት ገንዘብ ይቀየራሉ። ክብደቱ፣ የፊት ቸርኬው መጠን፣ ሆዱ ከመሬት ያለው ርቀትና ማስነሻው ግን እንደተገዙ ይኖራሉ። ስለዚህ የማይቀየረውን ለገጠሩ ብላችሁ ምረጡ፣ የሚቀየረውን ለከተማው አስተካክሉ። የከተማ ሞተር ገዝቶ ጥርሳም ጎማ ማሰር በተቃራኒው መሄድ ነው፤ ሆዱ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ጎማው ምንም አይረዳም።

ክብደት

ነዳጅ ሞልቶ ከ130 ኪሎ የማይበልጥ ይሁን። ጭቃ ላይ መውደቅ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያግዝ ሰው በአጠገብ ላይኖር ይችላል። 130 ኪሎ ሞተር ጀርባን ሰጥቶ፣ አንድ እጅ መሪው ላይ ሌላው መቀመጫው ሥር ይዞ፣ በእግር ኃይል ወደ ኋላ በመግፋት ብቻውን ያለ ሰው ያነሳዋል። 190 ኪሎውን ደረቅ መሬት ላይ ያነሳው ይሆናል፤ እግር የሚያንሸራትት ጭቃ ላይ ግን አያነሳውም። ትልልቆቹ ባለ 650 ሲሲ ሞተሮች ለረጅም አስፓልት ግሩም ናቸው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆኑም። ክብደታቸው ይቅርና የፍሬን ሸራቸውን ለማግኘት እንኳ አዲስ አበባ መላክ ያስፈልጋል።

ቸርኬና ከመሬት ያለው ከፍታ

ለገጠር የተሠራ ሞተር የፊት ቸርኬው 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች ነው። የከተማዎቹ በብዛት 17 በ17 ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው የጡጫ ያህል ድንጋይ ሲመጣ ነው፦ ትልቁ ጎማ ይወጣበታል፣ ትንሹ ይጋጨውና መሪውን ከእጅ ይነጥቃል። 19 በ17 መካከለኛው መንገድ ነው። ኮብልስቶን ላይና በባጃጆች መካከል ቀለል ብሎ ይታጠፋል፣ ጠጠር መንገድም ይችላል። ከሳምንቱ ስድስቱን ቀን ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው 19ኙን እናስቀድማለን።

ቸርኬው ባለ ሽቦ ይሁን። ወጥ የሆነው ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀም አበቃ። ባለ ሽቦው ይጣመማል፤ ጎሚስታ ወይም ብስክሌት ሠሪ ሽቦውን እያጠበቀና እያላላ ያቃናዋል።

ሆዱ ከመሬት ቢያንስ 24 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የከተማ ሞተሮች ከ16 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ይህን ሻጩን አትጠይቁ፤ ሜትር ይዛችሁ ከሞተሩ ዝቅተኛ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ከዘይት መድፊያው ብሎን፣ እስከ መሬት ለኩ። ያ ብሎን ድንጋይ ከነካ ዘይቱ እዚያው ይፈስሳል። ስለዚህ ከሥር የብረት መከለያ ከሌለው ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ማሠራት ያስፈልጋል፤ ብሎኑ እንዲፈታ ቀዳዳ፣ ጭቃ እንዳይጠራቀም ደግሞ ከኋላ ክፍት ቦታ ይተውለት።

ዋልካው

ሻጮች የማያነሱት ግን እዚህ አካባቢ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የፊት ጭቃ መከላከያው ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች የሚያረሰርሱት የፎገራ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፣ ሩዝ የሚመረትበትም ውኃ ስለሚይዝ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ የነካውን ሁሉ ይይዛል። መከላከያው ጎማው ላይ ተጠግቶ የተቀመጠ ከሆነ ጭቃው በመካከላቸው ይታጨቃል፣ ገለባና ሣር ይቀላቀልበታል፣ ጥቂት መቶ ሜትር ሳይኬድ ጎማው መዞር ያቆማል። የፊት ጎማ እየተነዳ ሲቆም ደግሞ ሰው ይጥላል። ቢተርፉ እንኳ በእንጨት እየጫሩ አውጥቶ መሄድ፣ እንደገና መቆም ነው።

ስለዚህ የፊት መከላከያው ከፍ ብሎ ከመሪው ሥር የተሰቀለ፣ ከጎማው ቢያንስ አራት ጣት የራቀ ይሁን። ዝቅ ያለ መከላከያ ያለውን ሞተር አስቀድማችሁ ከገዛችሁት ለክረምቱ ፈትታችሁ አስቀምጡት፤ ፊታችሁ ይቆሽሻል፣ ጎማው ግን ይዞራል። የኋላውንም አትርሱ፦ በካቴናውና በጎማው መካከል ጣት የማያስገባ ሞተር ዋልካ ላይ ካቴናውን ይጥላል።

የመራዊና የዳንግላ አቅጣጫ ቀይ አፈር ነው። ሲዘንብ ሳሙና ይሆናል፤ ዝናቡ ካባራና ፀሐይ ካገኘው ግን ከዋልካው ቀድሞ ይጠነክራል። ዘጌ ሌላ ነው፦ በቡናው ጫካ ውስጥ ያለው መንገድ ጠባብ፣ ሥርና ድንጋይ የበዛበት፣ የእግረኛና የአህያ ነው። እዚያ ፍጥነት አይሠራም፤ የሚያስፈልገው በአንደኛ ማርሽ ሳይጠፋ ዝግ ብሎ የሚሄድ ሞተር ነው። ገዳማቱ አጠገብ ሲደረስ ሞተሩን አጥፍቶ መግፋት ይገባል፤ ቀላል ሞተር እዚህም ይጠቅማል።

የመቀመጫ ከፍታ

ከመሬት ርቀት ከተፈለገ መቀመጫውም ከፍ ይላል፣ ከ80 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር። ራሳችሁን ለኩ፦ ጫማ አድርጋችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ፣ መጽሐፍ በብሽሽታችሁ መካከል ወደ ላይ አጥብቁ፣ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ለኩ። ሞተሩ ሲቀመጡበት ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሰምጣል፤ 78 ሴንቲ ሜትር የለካ ሰው 84 ላይ ተቀምጦ በሁለቱም እግሩ ጣቶች መሬት ይነካል ማለት ነው። ይህ ይበቃል። ካልበቃ ከመቀመጫው ስፖንጅ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ማስቀነስ ይቻላል። የሾኩን ሞላ ግን አታስቆርጡ፦ የተቆረጠ ሞላ ይደርቃል፣ የሾኩ ጉዞ ያጥራል፣ ጉድጓድ ሲገባ ብረት ከብረት ይጋጫል።

ሞተሩ ራሱ

ከ125 እስከ 200 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አንድ ሲሊንደር። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ያጣል። 125ቱ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይበቃል። ሰው አፈናጥጦ ወይም ዕቃ ጭኖ ዳገት ለሚወጣ 150 እና ከዚያ በላይ ይሻላል።

ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ለማወቅ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ አጥፉና ካንዴላውን ፍቱ። ጫፉ የቡና መልክ ከያዘ ደህና ነው፣ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ አንሶ ሞተሩ እየጋለ ነው። ጥቁር ከሆነ ዋናውን ጄት በአንድ ቁጥር፣ ካልበቃም በሁለት ዝቅ ማድረግ ነዳጅም ይቆጥባል፣ ጉልበትም ይመልሳል። በሁለት ያነሰ ሰው ወደ ዓባይ በረሃ ከወረደ ጄቱን መመለስ አለበት፤ ድልድዩ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ እዚያ ነዳጅ አንሶት ሞተሩ ይግላል።

በካርቡራተር ፋንታ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኤሌክትሪክ የሚረጭ) ያለው ሞተር ይህን ራሱ ያስተካክላል። ሆኖም ባትሪው ፈጽሞ ከሞተ በእግር ቢመታም ላይነሳ ይችላል፣ ቆሻሻ ነዳጅም አይወድም። ማደያ ወረፋ በዝቶ ቤንዚን በሃይላንድ የሚገዛበት ጊዜ ስላለ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሃይላንዱን ቤንዚን ከመሙላት በፊት አስቀምጣችሁ ተመልከቱ፣ ውኃ ካለው ከሥር ይለያል። ላምባ የተቀላቀለበት መሆኑን ለማወቅ ወረቀት ላይ ጠብታ አድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ቢያጋጥመው እንኳ ከሥሩ ያለችውን ብሎን ፈትቶ ማጠብ ይበቃል።

በእግር ማስነሻ የሌለውን አትግዙ። ባሕር ዳር ውስጥ መንገዱ አጭር ነው፦ በሞተሪኖ ተነስቶ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይጠፋል፣ ባትሪው ያወጣውን መልሶ ሳይሞላ። ይህ ለወራት ሲደጋገም ባትሪው ይደክማል፣ የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሩቅ ቦታ ነው። ጠዋት ጠዋት በእግር አስነሱ፣ ሞተሪኖውን ዳገት ላይ ሲጠፋ ተጠቀሙበት።

የትኞቹ?

ያማሃ ኤጂ 200 ለገበሬ የተሠራ ነው፦ ካቴናው በሽፋን ውስጥ ነው፣ መቆሚያ እግር በግራም በቀኝም አለው፣ ባለ 196 ሲሲው ሞተር ዝግ ብሎ ይጎትታል። ፍሬኑ ከፊትም ከኋላም ከበሮ ነው፤ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ እስኪደርቅ ስለማይዝ ፍሬኑን ቀስ እያሉ እየያዙ ጥቂት መንዳት ያስፈልጋል። ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ቀላል፣ ባለ 21 እና 18፣ መቀመጫው 84 ሴንቲ ሜትር፤ ብቻውን ለሚሄድና ጭቃውን ለሚወድ ሰው። ሆንዳ ኤክስአር 150 ኤል ባለ 19 እና 17፣ የፊት ፍሬኑ ዲስክ፣ ክብደቱ ነዳጅ ሞልቶ 130 ኪሎ የማይሞላ፤ ለሥራና ለገጠር እኩል ከተባለ ምርጫችን ይህ ነው። ያማሃ ዲቲ 125 ዘይት ከነዳጅ ጋር የሚያቃጥል ሞተር ነው፤ ለዳገት ግሩም ቢሆንም የራሱን ዘይት ከቤንዚኑ እኩል መከታተል ይጠይቃል። ባጃጅ ቦክሰር 150 መለዋወጫው ብዙ፣ ነዳጁ ጥቂት ነው፤ ገጠሩ ለእናንተ ደረቅ ጠጠር መንገድ ብቻ ከሆነ ከእርሱ በላይ ማውጣት አያስፈልግም።

አንዱን ከመወሰናችሁ በፊት መለዋወጫ ሱቅ ሄዳችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የካቴና ሙሉ ዕቃ፣ የአየር ፊልትሮ። ሦስቱ ከሌሉ ሞተሩን ተዉት።

ያገለገለ ሲገዛ

ሻጩ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀዝቅዞ የማይነሳ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ። ሲነሳ ጭሱን እዩ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው፣ ጥቁር ከሆነ የካርቡራተር ነገር ነው፣ ጠዋት ታይቶ የሚጠፋ ነጭ ጉም ምንም አይደለም። የዘይቱን መለኪያ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ ሻይ በወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል።

ፍሪሲዮኑን ለመፈተን ዳገት ያስፈልጋል፤ ሜዳ በሆነው ከተማ የቤዛዊት አቀበት ይጠቅማል። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡት ድምፁ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሸራው አልቋል። የፊት ጎማውን አንስታችሁ መሪውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ መሐል ላይ ሲደርስ የሚይዘው ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። የኋላ ጎማውን ወደ ጎን ግፉና ክፍተት ካለ እዩ። የቸርኬውን ሽቦ በካቻቪቴ አንድ በአንድ ምቱ፤ የጠበቀው ይጮሃል፣ የላላው ድምፁ ይደፈናል። ከዚያ ፍሬሙን፣ በተለይ የእግር መርገጫውና የኋላ ክንዱ የሚታሰሩበትን ቦታ፣ ለስንጥቅና ለብየዳ መርምሩ። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ ጠይቁ።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን ራሳችሁ አንብቡ። ከመሥሪያ ቤትና ከእርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣ ሞተር ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ግን ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ዲክላራሲዮን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ፣ ስም ማዞር አይቻልም። ሞተር በከተማው የሚንቀሳቀስበትን ሰዓትና መመሪያም አስቀድማችሁ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አረጋግጡ።

ከተገዛ በኋላ

ጎማው ግማሽ በግማሽ የሚባለው፣ ለአስፓልትም ለጭቃም የሚሆነው ዓይነት ይሁን። ሙሉ ጥርሳሙ በእርጥብ አስፓልት ላይ ይንሸራተታል፣ በከተማም ቶሎ ያልቃል። ለከተማ ከፊት 24፣ ከኋላ 30 ፒኤስአይ ነፋስ ሙሉ፤ ጭቃና ድንጋይ ሲገባ ሁለቱንም ወደ 18 አውርዱ፣ ስትመለሱ ሙሉት። ከ15 በታች ካላማዳሪው ቸርኬው ውስጥ ይንሸራተትና ቫልቩ ይቆረጣል። የቫልቩን ቀለበት ከቸርኬው ጋር አታጥብቁት፣ ወደ ክዳኑ አስጠግታችሁ ተዉት፤ ቫልቩ ማዘንበል ሲጀምር ካላማዳሪው መንሸራተቱን ሳይቆረጥ በፊት ታያላችሁ።

ዳገት ላይ ከደከመ ከፊት የካቴና ጥርስ አንድ ቀንሱ፣ ለምሳሌ ከ14 ወደ 13። ጉልበቱ በ8 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ የላይኛው ፍጥነት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ከኋላ ሦስት ጥርስ ከመጨመር ጋር ይቀራረባል፣ ዋጋው ግን ያንሳል። ካቴናው መሐሉ ላይ በጣት ሲገፋ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይወዛወዝ። ያለልክ ያጠበቁት ሾኩ ሲሰምጥ ይወጠርና የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይበላል።

ዘይቱ ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ያለበት ይሁን፤ አንዳንዱ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። በበጋ አቧራ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ። የስፖንጅ ፊልትሮውን ከእያንዳንዱ አቧራማ ጉዞ በኋላ በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ መልሱት፤ ያልተቀባ ስፖንጅ አቧራን አይዝም።

መብራቱንም ሲመሽ ሞክሩት። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት ሲዞር) መብራቱ ይደበዝዛል፣ ዝግ ተብሎ በሚነዳበት የገጠር መንገድ ደግሞ የሚፈለገው ያኔ ነው። ከሐይቁ ዳር የምትመለሱ ከሆነ ከመምሸቱ በፊት ተነሱ፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሲጨልም ለግጦሽ ወደ ዳር ይወጣል።