በጭስ የታጠነ ተርኪና ሃም፦ እንዳይበላሽ፣ እንዳይደርቅ

መጀመሪያ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። «የበሰለ» ካለ ሥራችሁ ማሞቅ ብቻ ነው፤ ካላለ ግን እንደ ጥሬ ሥጋ ቁጠሩት። ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ መብለጥ የለበትም። በረዶ የሆነውን ጠረጴዛ ላይ አታቅልጡት፣ ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟ፤ ለየ2 ኪሎው አንድ ቀን ገደማ ስለሚፈጅ ቀደም ብላችሁ አስቡበት።

ትልቁ ጣጣ መድረቅ ነው። ሥጋው አንዴ ስለበሰለ ኃይለኛ እሳት ያለችውን ጭማቂ ሙልጭ አድርጎ ይወስዳታል። ስለዚህ ትሪው ላይ ትንሽ ውሃ ወይም መረቅ ጨምሩ፣ በፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑትና ኦቨኑ 165 ዲግሪ ላይ ሆኖ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ሰዓት ከመገመት ቴርሞሜትር አጥንት ሳይነካ መሐሉ ድረስ ሰክታችሁ 74 ዲግሪ መድረሱን እዩ። ተርኪው ውስጡ ሮዝ ቢሆን አትደንግጡ፣ የጭሱ ሥራ ነው። የበሰለ ሃም ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀዝቃዛውን ቢበላ ለኔ ይበልጣል።

ከመቁረጣችሁ በፊት 15 ደቂቃ ይረፍ፤ ከዚያ የሥጋውን ክር አግድም እያቋረጣችሁ በስሱ ቁረጡ። የተረፈው ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ከአጥንቱ ለይታችሁ ፍሪጅ አስገቡትና በ3 ወይም 4 ቀን ጨርሱት። አጥንቱንም አትጣሉት፣ ሾርባ ያጣፍጣል።