ስለ አድሬናሊንና ስለ ደም ቅዳዎች ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የሕክምናና የባዮሎጂ ተማሪዎች ስለ ውጥረት ሆርሞኖች ሲጽፉ የሚስቷቸው አብዛኞቹ ነጥቦች የሚመነጩት ሆርሞኑን ብቻ ተመልክቶ የሚያርፍበትን ደም ቅዳ ከመዘንጋት ነው።

የመጀመሪያው «አድሬናሊን የደም ቧንቧን ያጠብባል» ብሎ በደፈናው መደምደም ነው። የሚያጠብበውም የሚያሰፋውም ይኸው ሆርሞን ሲሆን፣ ውጤቱን የሚወስነው በቧንቧው ግድግዳ ላይ ያለው ሪሴፕተር፣ ማለትም ተቀባይ፣ ዓይነት ነው። አልፋ 1 የተባለው ተቀባይ የግድግዳውን ለስላሳ ጡንቻ ሲያኮማትር ቤታ 2 የተባለው ግን ያላላዋል። በቆዳ፣ በኩላሊትና በአንጀት አልፋ ስለሚያመዝን ደም ቅዳዎቹ ይጠብባሉ፤ ሰውነትን በሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ውስጥ ግን ቤታ 2 በብዛት ስለሚገኝ ይሰፋሉ። ለከባድ ድንገተኛ አለርጂ አድሬናሊን ከቆዳ ሥር ሳይሆን በጭን ጡንቻ የሚወጋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከቆዳ ሥር ሲወጋ መድኃኒቱ በአካባቢው ያሉትን ቧንቧዎች ስለሚያጠብብ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ራሱ ያዘገየዋል።

ሁለተኛው መጠንን መርሳት ነው። በአነስተኛ መጠን ቤታ 2 ቀድሞ ስለሚነቃ የጡንቻ ደም ቅዳዎች ይሰፋሉ፤ መጠኑ እየጨመረ ሲሄድ ግን አልፋ ያሸንፍና እነዚያው ቧንቧዎች ይጠብባሉ። ሁለቱ ተቃራኒ ሥራዎች ጎን ለጎን መኖራቸውን አንድ የቆየ ሙከራ ያሳያል፤ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ዴል እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው ጥናት ኧርጎት ከተባለ ፈንገስ የተገኘ መድኃኒት አስቀድሞ የተሰጠው እንስሳ አድሬናሊን ሲወጋ የደም ግፊቱ በመጨመር ፈንታ ወረደ። ምክንያቱ በወጉ የተብራራው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሬይመንድ አልኲስት እ.ኤ.አ. በ1948 ተቀባዮቹን አልፋና ቤታ ብሎ ከከፈላቸው በኋላ ነው፤ አልፋው በመድኃኒቱ ሲታገድ የማስፋት ሥራው ብቻውን ቀርቶ ነበር። በእኔ እምነት ይህን አንድ ሙከራ በቅጡ የተረዳ ተማሪ ሌላውን በቃሉ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ሌላውን የውጥረት ሆርሞን፣ ኖርአድሬናሊንን፣ የአድሬናሊን መንታ አድርጎ መቁጠርም የተለመደ ነው። ኖርአድሬናሊን በቤታ 2 ላይ ያለው ኃይል እጅግ ደካማ ስለሆነ በአብዛኛው የሚያጠብብ ነው፤ በደም ሥር ሲሰጥ የታችኛውንም የደም ግፊት ቁጥር ከፍ ያደርጋል፣ በምላሹም የልብ ምት ሊቀንስ ይችላል። ከደም ሥሩ ወጥቶ ወደ ሥጋ ከፈሰሰ ደግሞ በአካባቢው ያለውን ቆዳ ደም አሳጥቶ እስከ መግደል ይደርሳል።

ልብና አንጎልም እንደ ቆዳ ደም ያጣሉ ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። የልብ ሥራ ሲጨምር አዴኖሲንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች የራሱን ደም ቅዳዎች ያሰፋሉ፤ አንጎልም የሚደርሰውን ደም በአመዛኙ በራሱ ይቆጣጠራል።

በመጨረሻም ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን እንደ አድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ ቧንቧ የሚያጠብብ ተደርጎ መጻፍ የለበትም። በዚህ ረገድ ዋና ሥራው ደም ቅዳዎች ለአድሬናሊንና ለኖርአድሬናሊን ያላቸውን ስሜት መጠበቅ ነው፤ ስለዚህም ኮርቲሶልን የሚያመነጨው አድሬናል ዕጢ የተዳከመበት ሕመምተኛ ግፊቱ ሲወርድ ኖርአድሬናሊን ቢሰጠውም፣ ኮርቲሶልን የሚተካው መድኃኒት ሃይድሮኮርቲሶን እስኪጨመርለት ድረስ ግፊቱ በሚገባ ላይነሳ ይችላል።