ለጥናት ሕፃናትን የምትለኩ፣ መጀመሪያ ዕድሜውን አጣሩ

የሥነ ምግብ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ነኝ፤ ሥራዬ በየገጠሩ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕፃናትን መለካት ነው። ሚዛንና የቁመት ሰሌዳ አያያዝ ሥልጠና ላይ ታዩታላችሁ። እኔ ካየሁት ግን ጥናት የሚበላሸው በዕድሜ ነው። ሁለትና ሦስት ወር ከተጨመረበት ደህናው ልጅ የቀነጨረ (ለዕድሜው ቁመቱ ያጠረ) ይሆናል፤ ከተቀነሰለት የቀነጨረው ደህና ይመስላል።

ከዚያም በፊት ፈቃድ አለ። እናትየዋ «እርዳታ ሊመዘግቡ ነው» ብላ እሺ ካለች፣ እሺታዋ አይቆጠርም። የሚሰጥ ነገር እንደሌለ፣ እንቢ ብትልም ከጤና ኬላው የምታገኘው እንደማይቀርባት ንገሯትና ምን እንደገባት በራሷ አፍ ትንገራችሁ።

«ዕድሜው ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ሁለት» ትላለች፤ በእኛ አገር ሁለት ማለት ከዓመት ተኩል ጀምሮ ያለው ሁሉ ነው። የክትባት ካርዱን አስመጡ። ከጠፋ፣ ኦርቶዶክስ ቤት ከሆነ «ክርስትና የተነሣው መቼ ነው?» በሉ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚነሡ ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። እኔ ከዚህ የሚሻል ጥያቄ አላገኘሁም። «በረመዳን ተወለደ» ከተባላችሁ ደግሞ የየትኛው ዓመት እንደሆነ አጣሩ፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል። ታብሌቱ የፈረንጅ ቀን ከጠየቀ በግምት አትቀይሩ።

ሁለት ዓመት ያልሞላው ተኝቶ፣ የሞላው ቆሞ ይለካል። የግድ በሌላው መንገድ ከለካችሁ ጻፉት፤ ልዩነቱ 0.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁንጮ ወይም ሹሩባ ካለ ተንቀሳቃሹ ሰሌዳ ጸጉሩ ላይ እንዳይቆም እናትየዋ ታስተካክለው። ቁጥሩን ለረዳታችሁ ስትነግሩ ዝግ በሉ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ የልጇ ክብደት ሲጠራ የማትወድ እናት ብዙ ናት፤ ዓይን ትፈራለች። «ይደግልሽ» ማለትም አይከፋም።

የክንድ ጥብጣቡ ግራ ክንድ ላይ፣ በትከሻ ጫፍና በክርን መሃል፣ እጁ ተንጠልጥሎ ይጠመጠማል። ሥጋውን ካሰረጎደ ጠብቋል። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱን እግሮቹን ለ3 ሰከንድ ስትጫኑ ጎድጉዶ ከቀረ፣ መጠይቁ ይቆየን በሉ። የሪፈር ወረቀት ጽፋችሁ ለጤና ኤክስቴንሽኗ እዚያው ሆናችሁ ደውሉ።