ለሰማዕታት ሐውልት ግጥም ስትጽፉ

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። የሰፈር ሽማግሌዎች ወይም የዕድር ዳኞች መጥተው «በጦርነት ለወደቁ ልጆቻችን ሐውልት ልናቆም ነው፤ ግጥም ጻፍልን» ሲሉኝ፣ በመጀመሪያ የምጠይቃቸው የስም ዝርዝሩን ነው።

ስም ከነአባት፣ ማዕረግ፣ የወደቀበት ቦታ፣ ዓመተ ምሕረት። አጻጻፉን ቤተሰቡን ጠይቁ። ኃይሉ ነው ወይስ ሀይሉ? ልጁ ራሱ በደብዳቤ ወይም በደብተር ላይ የጻፈው ካለ በእሱ ሂዱ። እናት ድንጋዩ ፊት ስትቆም የምትፈልገው የልጇን ስም እንጂ የእኛን ግጥም አይደለም። ስለዚህ ግጥሙ ለስሞቹ ቦታ መልቀቅ አለበት።

ርዝመቱስ? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች የወታደር ቤተሰብ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የራሱን ቃል እንዲያስጽፍ ሲፈቅዱ፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ሳይቀር ተቆጥሮ ከ66 ፊደል እንዳያልፍ ወስነው ነበር። ለእኛ ፊደል ይህ ሰፊ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የተገጠመውን ሙሾ ቁጠሩት፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ፊደሉ 35 ብቻ ነው። «ጀግና» አይልም፣ «አንበሳ» አይልም። ቦታው አለ፣ ጩኸቱ አለ፣ ሞቱ አለ። ሙገሳው በሙሉ «ወንድ» በምትለው ቃል ውስጥ ገብቷል። እያንዳንዱ መስመር ለሁለት ተከፍሎ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) የሚመታ፣ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ስልት ስለሆነም አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም። እናንተም በወል ቤት ጻፉ፤ ሁለት መስመር፣ ቢበዛ አራት። የቦታውን ስም አስገቡ። ተራራው ወይም ወንዙ ከተጠራ የቀረውን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል።

ፉከራ ግን ለድንጋይ አይሆንም። ፉከራ ለዘማች ነው፤ እዚህ ያለው የሞተ ሰው ነው። ጠላትን መስደብም ይቅር፣ በተለይ ጦርነቱ የወንድማማቾች ከሆነ። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ስድብ አይሰረዝም፤ ነገ የዚያኛው ወገን ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ገብቶ ያነበዋል። በዚህ ላይ ከአስጻፊዎች ጋር ተከራክሬያለሁ፣ ወደፊትም እከራከራለሁ።

ረቂቁ ሲያልቅ ሙሾ ለምታወርድ አልቃሽ አንብቡላት። የተማረ ሰው «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋችኋል። እሷ ግን የሚያነክሰውን ስንኝ ወዲያው ትይዘዋለች፤ አንዳንዴም የተሻለ ቃል ትሰጣችኋለች።

ከዚያ የቀራጩ ሥራ ይመጣል። በቀለም ብቻ አታስጽፉ፤ ዝናብና ፀሐይ ያጠፉታል። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ዘመቻውን በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ አክሱም ላይ ድንጋይ አስፈልፍሎ ስላስጻፈ ነው ዛሬም የሚነበበው። ቀራጩ ከመጀመሩ በፊት ጽሑፉን በእውነተኛው መጠን በወረቀት አሳትሙና ድንጋዩ ላይ ለጥፉት። ራቅ ብላችሁ አንብቡ። በተለይ የካዕብ፣ የሣልስና የኃምስ ቅጥያዎችን እዩ፤ የ«ሉ» እና የ«ሊ» ልዩነት የአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ የ«ለ» እና የ«ሌ» ልዩነት ደግሞ አንዲት ቀለበት ናት። ጥልቅ ተደርጋ ካልተቆፈረች አቧራ ይሞላትና «አያሌው» «አያለው» ይሆናል። ይህችን ነገር ለቀራጩ በጣታችሁ እያሳያችሁ ንገሩት።

ግጥሙ ከላይ ይሁን፣ ስሞቹ ከሥሩ። ከታች ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተዉ። ሐውልቱ ከተመረቀ በኋላ «የእኔም ወንድም ነበረበት» ብሎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። የፊደሉን ልክ የያዘውን ወረቀት ዕድሩ መዝገብ ውስጥ አስቀምጡት፤ የሚጨመረው ስም ከቀሩት ጋር እኩል መሆን አለበት።