እባብ ሲያጋጥመን የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ልግደለው ወይስ ልተወው?

እባብ አይቶ መደንገጥ ያለ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የተባለውም በከንቱ አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ከድንጋጤው ቀጥሎ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። አንዱ ድንጋይ ያነሳል። አንዱ ዱላ ፈልጎ ይመጣል። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ለመቅረጽ ይጠጋል። የሦስቱም መጨረሻ አንድ ነው፤ እባቡ ጋ መቅረብ።

በዓለም ላይ ወደ 4,000 የሚጠጉ የእባብ ዝርያዎች አሉ። መርዘኞቹ 600 ገደማ ናቸው። ከእነሱም ሰውን ክፉኛ የሚጎዱት ወይም የሚገድሉት ወደ 200 ይሆናሉ። ይህን የሰማ ሰው ቀለል ሊለው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን አያረጋጋም፦ በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆኑት ይሞታሉ። እጅ ወይም እግራቸው የሚቆረጥና ዘላቂ ጉዳት የሚደርስባቸው ደግሞ የሟቾቹን ሦስት እጥፍ ያህላሉ። ስለዚህ «እባብ ካልነኩት አይነካም፣ አትፍሩት» ብሎ ማለፍም ልክ አይደለም። መፍራቱስ ይገባል። ፍርሃቱ ወዴት እንደሚወስደን ነው ጉዳዩ።

«ገድዬው ልገላገል» ብሎ መጠጋት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። እባብ ከሩቅ ምንም ሊያደርግ አይችልም። መርዝ የሚተፉትን ኮብራዎች ለጊዜው እንተዋቸው። አብዛኞቹ እባቦች ተወርውረው መድረስ የሚችሉት የገዛ ርዝመታቸውን ሲሶ፣ ቢበዛ ግማሹን ያህል ነው። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን እባብ ከሁለት ሜትር በላይ ርቆ የቆመ ሰውን አይነድፍም።

አሁን ዱላ የያዘውን ሰው አስቡት። ዱላው አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ለመምታት አንድ እግሩን ወደፊት ያስቀድማል፣ ወገቡን ጎንበስ ያደርጋል፣ እጁን ይዘረጋል። እባቡ መድረስ የማይችልበት ቦታ የነበረው እግር አሁን ፊቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ምት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይስታል፣ ወይም ወገቡን ብቻ ያገኘዋል። ሊሸሽ የነበረው እባብ መሄጃ ሲያጣ ወደ ሰውየው ይዞራል። ውርወራው ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነ ነው። «ዘለል እላለሁ» ብሎ ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይድበሰበስ መነገር አለበት። በዓለም ላይ ከሚነደፈው ሰው ብዙው እባብ ሊገድል የሄደ ጀግና አይደለም። እርሻ ላይ ያለ፣ ከብት የሚጠብቅ፣ በጨለማ የሚሄድ፣ እባቡን ጭራሽ ያላየው ሰው ነው። ከዚህ የምወስደው ነገር ቀላል ነው፦ ያያችሁት እባብ ካላያችሁት ይሻላል። ካያችሁት ችግሩ በአብዛኛው ተፈታ ማለት ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ወደኋላ፣ አለቀ። የተፈታውን ችግር እንደገና የምንቋጥረው ዱላ ይዘን ስንመለስ ነው።

ደንግጦ በጭፍን መሮጥ

ሰውን ብሎ የሚያሳድድ እባብ የለም ማለት ይቻላል። ወደ እናንተ የመጣ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ወይም መደበቂያው በእናንተ በኩል ስላለ ነው። በጭፍን የሮጠ ሰው ግን ድንጋይ ሊመታው፣ ወይም ሌላ እባብ ሊረግጥ ይችላል። መጀመሪያ ቀጥ በሉ። የት እንዳለ በዓይናችሁ ያዙት። ከዚያ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ቀስ ብላችሁ ወደኋላ ውጡ። ልጅ ወይም ውሻ አብሯችሁ ካለ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ውሻ ጣልቃ ከገባ ነገሩ ይበላሻል።

«መሬቱን በእግር ደቅደቅ ካደረጉ ይሄዳል» የሚባለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ንዝረቱ ይሰማዋል፣ ብዙዎቹም ይሸሻሉ። እፉኝት ግን አይሸሽም። የእፉኝት ዘዴው ባለበት ፀጥ ማለት ነው። የደረቀ ቅጠልና አፈር መስሎ መንገድ ዳር ይተኛል፤ አይጥ እስኪመጣለት ሰዓታት ይጠብቃል። ሰው ሲቀርብም በመልኩ ተማምኖ ንቅንቅ አይልም። አንዳንዴ እንደ ወናፍ እየተነፋ እፍፍ ይላል፣ አንዳንዴ ያንንም አያደርግም። የሚነድፈው ሲረገጥ ወይም ሊረገጥ ሲል ነው።

መርዝ የሚተፉት ኮብራዎች ደግሞ ሁለት ሜትር አልፎ የሚደርስ መርዝ ፊት ላይ ይረጫሉ፤ የሚፈልጉት ዓይንን ነው። አንገቱን ያሰፋ እባብ ካያችሁ ፊታችሁን አዙራችሁ ራቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት። በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡትና ወደ ሐኪም ሂዱ።

በጭንቅላቱ ቅርጽ መፍረድ

«ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ መርዛም ነው፣ ክብ ከሆነ ችግር የለውም።» ይህ ምክር ሰው ያስገድላል። ለብዙ እፉኝቶች ይሠራል፤ ገዳዮቹ ኮብራና ማምባ ግን ቀጠን ያለ ጭንቅላትና ክብ የዓይን ብሌን ነው ያላቸው። በተቃራኒው መርዝ የሌላቸው ስንት እባቦች ሲፈሩ ጭንቅላታቸውን አሰፍተው እፉኝት ይመስላሉ። በቀለምም እንደዚያው ነው፤ የአንዱ ዝርያ መልክ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ደግሞስ የዓይኑን ብሌን ለማየት ስንት መቅረብ ሊኖርብን ነው?

ዝርያውን በደንብ የማታውቁት ከሆነ መርዛም ነው ብላችሁ ያዙ። ይህ ማለት ግደሉት ማለት አይደለም፤ አትቅረቡት ማለት ነው። «ትንሽ ነው፣ ጫጩት ነው» ብሎ በእጅ መንካትም አለ። የመርዛም እባብ ልጅ ከእንቁላሉ ወይም ከእናቱ ሆድ ሲወጣ መርዙን ይዞ ነው። የትንሹ ከትልቁ ይከፋል የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ ትልቁ የሚለቀው መርዝ እጅግ ይበዛል።

የሞተ እባብን ማመን

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት አንድ ሰው ግቢው ውስጥ ያገኘውን ራትልስኔክ የሚባል መርዛም እባብ አንገቱን ቆረጠው። ቆይቶ ሬሳውን ሊጥል ጎንበስ ሲል የተቆረጠው ጭንቅላት እጁን ነከሰው። ሰውየውን ለማትረፍ 26 ጊዜ የመርዝ ማርከሻ መስጠት አስፈለገ።

ታሪኩ ተአምር ይመስላል እንጂ ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። የአሪዞና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ፣ በ11 ወራት ውስጥ በዚሁ እባብ ተነድፈው ካስተኟቸው 34 ሰዎች አምስቱ የተነደፉት «ሞቷል» በተባለ እባብ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እባብ ደሙ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰውነቱ በጥቂት ኦክስጅን ረጅም ጊዜ ይቆያል። አንገቱ ተቆርጦም የጭንቅላቱ ነርቮች ሥራቸውን አያቆሙም። የሆነ ነገር ሲነካው መንጋጋው ይከፈታል፣ ጥርሱ ይወጣል፣ መርዙ ይለቀቃል። ሳያስብ ስለሚነክስ ደግሞ መርዙን አይቆጥብም።

ስለዚህ የሞተ እባብ አንስቶ ፎቶ መነሳት፣ ለልጆች ማሳየት፣ በእግር ማገላበጥ ይቅር።

እጅና እግርን ዓይን ያላየው ቦታ ማስገባት

ዋናው ጥንቃቄ ያለው እዚህ ነው፤ ግን አሰልቺ ስለሆነ ማንም አያወራለትም። ንድፊያው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው እግር ላይ፣ ቀጥሎ እጅ ላይ ነው። በጨለማ ያለ ባትሪ አትሂዱ። ሳር ውስጥ በነጠላ ጫማ አትግቡ፤ ቡት ጫማና ረጅም ሱሪ ብዙ ያድናሉ። የእንጨት ክምር ስታነሱ መጀመሪያ በረጅም እንጨት ነካ ነካ አድርጉ። ድንጋይ ስትገለብጡ ወደራሳችሁ ሳቡት፤ ሥሩ ያለው ነገር በወዲያኛው በኩል ይውጣ። ደጅ ያደረ ጫማ ሳታራግፉ አታድርጉ። መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ጫፉ ፍራሽ ሥር የተወተፈ አጎበር ይኑረው፤ በደቡብ እስያ ክሬት የሚባለው እባብ ሌሊት የተኛን ሰው ይነድፋል፣ ንድፊያው ብዙም ስለማያም ሰውየው ላይነቃ ይችላል።

ሽታ ያባርረዋል ብሎ መተማመን

ነጭ ሽንኩርት፣ ድኝ፣ ጋዝ፣ የብል መድኃኒት። እባብ እነዚህን አልፎ ይገባል፤ የሚመረዘው የቤቱ ልጅ ነው። እባብ የሚመጣው አይጥና መደበቂያ ፍለጋ ነው። አይጡን አጥፉ፣ ሳሩን እጨዱ፣ ክምሩን አንሱ፣ ቀዳዳውን ድፈኑ።

ከተነደፉ በኋላ እባቡን ማሳደድ፣ መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ ማሰር

«ሐኪሙ እንዲያየው እባቡን ይዤ ልሂድ» የሚል ሰው ሁለተኛ ይነደፋል፣ ወይም ጓደኛው ይነደፋል። ሐኪሞች የሚያክሙት በአብዛኛው በሽተኛው ላይ በሚያዩት ምልክት ነው። ከሩቅ ፎቶ ማንሳት ከተቻለ ጥሩ፤ ካልተቻለ መልኩንና መጠኑን ማስታወስ ይበቃል።

በምላጭ መብጣት ሌላ ቁስል ይጨምራል፤ ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ መርዝ የተነደፈ ሰው ከዚያች ቁስል ሳያቋርጥ ሊደማ ይችላል። በአፍ መምጠጥ መርዙን አያወጣም። ገመድ አጥብቆ ማሰር ደም ያግዳል፤ ስንት እግር የተቆረጠው በመርዙ ሳይሆን በገመዱ ነው። በረዶ፣ አልኮል፣ ኤሌክትሪክ፣ መርዝ ይስባል ተብሎ ቁስሉ ላይ የሚደረገው ጥቁር ድንጋይ፣ አንዳቸውም አይጠቅሙም።

«እገሌ በጥቁር ድንጋይ ድኗል» ትሉኝ ይሆናል። ድኖም ይሆናል። ብዙው እባብ መርዝ የለውም። መርዛሙም ቢሆን አንዳንዴ ነድፎ መርዝ ሳይለቅ ይቀራል። እንዲህ የተነደፈ ሰው ምንም ቢያደርጉለት ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለድንጋዩ ይሄዳል።

የሚጠቅመው ነገር ትንሽ ነው። ከእባቡ ራቁ። ሳያብጥ በፊት ቀለበት፣ ሰዓትና ጠባብ ጫማ አውልቁ። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር አጥንቱ እንደተሰበረ ቆጥራችሁ በእንጨት ደግፉትና እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። ሰውየው አይራመድ፤ ተሸክማችሁ ወይም በመኪና፣ በሞተር ውሰዱት። የሚያስመልሰው ከሆነ በጎኑ አስተኙት። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጡት፣ መድማቱን ያባብሳሉ። የተነደፈበትን ሰዓት ያዙ። መርዙን የሚያሸንፈው ማርከሻው ብቻ ነው፤ እሱ ያለው ጤና ተቋም ነው። የሚቻል ከሆነ ማርከሻ የት እንዳለ ስልክ ደውላችሁ አጣሩና በቀጥታ ወደዚያ ሂዱ።

«ደህና ነኝ» ብሎ ቤት መቅረት

ካርል ፓተርሰን ሽሚት በቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ለረጅም ዓመታት የሠራ ስመ ጥር የእባብ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1957 ዝርያውን ሊለይ የያዘው ትንሽ ቡምስላንግ (የአፍሪካ የዛፍ እባብ ነው) አውራ ጣቱን ነደፈው። ያን ያህል እባብ ሰው የሚገድል መርዝ ይለቃል ብሎ አላሰበም። ሐኪም ቤት ከመሄድ ይልቅ የሚሰማውን ሁሉ በየሰዓቱ እየጻፈ ቤቱ አደረ። ድዱ ደማ፣ አስመለሰው። በማግስቱ ጠዋት ተሻለኝ ብሎ ቁርስ በላ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ሞተ።

የቡምስላንግ መርዝ ቀስ ብሎ ነው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው። ነርቭ የሚመታ መርዝም መጀመሪያ ብዙ ላያም፣ ላያሳብጥ ይችላል፤ ከዚያ የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ መዋጥ ያቅታል፣ ቀጥሎ መተንፈስ። ስለዚህ ምንም ባይሰማም ቢያንስ 24 ሰዓት ሐኪም ባለበት መቆየት ያስፈልጋል።

ታዲያ መግደል ጭራሽ አይፈቀድም?

ሜዳ ላይ፣ ጫካ ውስጥ፣ መንገድ ላይ ለሚያጋጥም እባብ የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ተዉት። ከገደላችሁት የምታተርፉት የለም፤ አይጡ ግን ያተርፋል። አንዳንድ አገር ሕግም ይከለክላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ህንድ በ1972 ባወጧቸው የዱር አራዊት ሕጎች እባብ ገድሎ መጠየቅ አለ። በነገራችን ላይ ለደም ግፊት የሚታዘዘው ካፕቶፕሪል የተሠራው ከአንድ የብራዚል እፉኝት መርዝ በተገኘ ዕውቀት ነው። «ጓደኛው ይበቀለኛል» ብላችሁ ከመግደል የተቆጠባችሁ ካላችሁም ደግ አደረጋችሁ፤ ምክንያቱ ተረት ቢሆንም።

ቤት ውስጥ ወይም ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ሰውንና እንስሳን አውጡ። ክፍል ውስጥ ከሆነ በሩን ዝጉ፣ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ድፈኑ። አንድ ሰው ከሩቅ ይከታተለው፤ የተሰወረ እባብ ከሚታየው ይከፋል። እባብ መያዝ የሠለጠነ ሰው ካለ ጥሩ። የሚጠራ ሰው በሌለበት፣ ልጅ ባለበት ቤት፣ አባት ወይም እናት እባቡን ቢገድሉ አልፈርድባቸውም። ብቻ ብቻቸውን አይሁኑ። ረጅም እጀታ ያለው አካፋ ይያዙ፣ ቡት ጫማ ያድርጉ፣ እባቡ መውጫ ባጣበት ጠባብ ጥግ ገብተው አይግጠሙት። ከገደሉትም ሰዓታት አልፈው እንኳ በእጅ አይነካም። በአካፋው አንስቶ፣ ጭንቅላቱ ውሻና ልጅ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።