የአፕወርክን «ኮኔክትስ» ከመግዛትዎ በፊት

አሠሪዎችንና በግላቸው የሚሠሩ ባለሙያዎችን በኢንተርኔት በሚያገናኘው በአፕወርክ አካውንት መክፈት ነፃ ቢሆንም፣ ለሥራ ለማመልከት የሚያስፈልጉት «ኮኔክትስ» የተባሉት ነጥቦች እያንዳንዳቸው በ0.15 የአሜሪካ ዶላር ስለሚሸጡ፣ ነጥብዎን ከማውጣትዎ በፊት ስለ አሠሪው የቀረበውን መረጃ በጥንቃቄ ያንብቡ። የመክፈያ ዘዴው መረጋገጡን፣ ካወጣቸው ማስታወቂያዎች በስንቱ ሰው እንደቀጠረና የአመልካቾችን ደብዳቤ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተመለከተ ይመልከቱ፤ ብዙ ማስታወቂያ አውጥቶ ማንንም ላልቀጠረ ሰው ነጥብ ማባከን፣ በተለይ ዶላር እንደ ልብ ለማያገኘው የአገራችን ወጣት፣ በእጅጉ የሚያሳዝን ኪሳራ ነው። የተገዙ ነጥቦች በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተሠራባቸው ስለሚቃጠሉ በብዛት አይግዙ። አሠሪ ነኝ የሚል ሰው ሥራውን ለመስጠት «ማስያዣ» ወይም «የሥልጠና ክፍያ» ከጠየቀዎ ግን፣ የአፕወርክ ደንብ ይህን ስለሚከለክል፣ ምንም ሳይከፍሉ ወዲያውኑ ለድርጅቱ ያሳውቁ።